ሴንትሪፉጁና የአዴ ሐዋ ልጆች ዓይን

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔን ያሳለፍኩት ቄራ ነው። በባዮኬሚስትሪ ተመርቄ፣ አዲስ ነጭ ጋዋን አሰፍቼ፣ በዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ውስጥ ረዳት ምሩቅ ተብዬ ገባሁ። አለቃዬ ፕሮፌሰር ታምራት ቀና ብለው እንኳን ሳያዩኝ በረዶ የተሞላ ባልዲ አስጨበጡኝ።

«ቄራ ሂጂ። የበሬ ልብ ገና ከደረቱ ሲወጣ ተቀብለሽ በረዶው ውስጥ ክተቺው። መንገድ ላይ ከሰው ጋር ወሬ እንዳትጀምሪ» አሉ።

መንግሥት የተለወጠበት ዓመት ነበር። የቄራው ዘበኛ ጋዋኔን አይቶ የጤና ተቆጣጣሪ ስለመሰልኩት በሰላምታ አስገባኝ። አራጁ ግን አልተሸወደም።

«ልቡን ለምንሽ ነው? ለውሻ ከሆነ ሳንባ ይሻልሻል።»

«ለምርምር ነው።»

«ምኑን ነው የምትመራመሪው?»

«ጉልበቱ ከየት እንደሚመጣ።»

«ከሣር ነዋ!» ብሎ ጓደኞቹን ጠርቶ አሳቀብኝ።

ሣሩ እንዴት ጉልበት እንደሚሆን ማወቅ ነበር የእኛ ሥራ። በእያንዳንዱ የሰውነታችን ሴል ውስጥ ሚቶኮንድሪያ የሚባሉ፣ በዓይን የማይታዩ ደቃቅ ክፍሎች አሉ። የበላነውን ምግብ በተነፈስነው አየር እያቃጠሉ ጉልበት የሚያወጡት እነሱ ናቸው። ብዙ ጉልበት የሚፈጅ አካል፣ ማለትም ልብ፣ ጡንቻ፣ አንጎልና ዓይን፣ ያለ እነሱ ዋጋ የለውም። እነሱን ለይቶ ለማውጣት ልቡን ትከትፋላችሁ፣ በቀዝቃዛ የስኳር ውሃ ትፈጩታላችሁ፣ ከዚያ ሴንትሪፉጅ ውስጥ ትከታላችሁ። ሴንትሪፉጅ ማለት ቱቦውን እያሽከረከረ ከባዱን ከቀላሉ የሚለይ ማሽን ነው። ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ ቱቦው ሥር ቡናማ ጭቃ የመሰለ ዝቃጭ ይቀራል። እናቴ ይህን ስነግራት «ለዚህ ነው እንግዲህ አራት ዓመት የተማርሽው?» አለችኝ።

ሁዳዴ ሲገባ ምርምራችንም አብሮ ይጾም ነበር። በኋላ ወደ ቄራው የሙስሊሞች ክፍል መሄድ ጀመርኩና ሥራው ቀጠለ። ረመዳንና ሁዳዴ የተገናኙ ጊዜ ግን የሙስሊሞቹም እርድ ወደ ማታ ስለዞረ ፕሮፌሰር ታምራት ሁለቱንም ሃይማኖት እኩል ተቆጡ።

መብራት ሲጠፋ ሴንትሪፉጁ እያቃሰተ ይቆምና የቀኑ ሥራ ይበላሻል። ፕሮፌሰሩ በጨለማው መሃል ቆመው «ሚቶኮንድሪያም በመብራት ቢሠራ ኖሮ ይህን ጊዜ ሁላችንም አፈር ለብሰን ነበር» ይሉ ነበር። ቀልድ ሲያወሩ የሰማኋቸው ያን ብቻ ነው። ደጋግመው ነው ያወሩት።

ሌክቸረር ስሆን ለዶክትሬት ውጭ ተላክሁ። ሦስት ልብስ እላዬ ላይ ደርቤ ከመማሬ በቀር የምነግራችሁ የለም። ይዤ የተመለስኩት ቁም ነገር ግን ነበር። ሚቶኮንድሪያ የራሱ የሆነ ጥቂት የዘር መልእክት አለው፤ ይህም መልእክት ከእናት ብቻ ነው የሚወረሰው። አባት በዚህ ጉዳይ የለበትም። እዚያ ላይ ስህተት ከተፈጠረ እናት ለወንዱም ለሴቱም ታወርሳለች፤ ወንዱ እሱ ጋ ይቆማል፣ ሴቷ ደግሞ ለልጆቿ ታሳልፋለች። ተመልሼ ረዳት ፕሮፌሰር ተባልኩ። ሴንትሪፉጁ ያው የድሮው ነበር።

የተወለድኩት ነገሌ ቦረና ነው። አባቴ ከሰሜን ተመድቦ መጥቶ እዚያው የቀረ አስተማሪ ነበር፤ ዶክተር ከሆንኩ በኋላም በከተማው የምታወቀው «የቲቸር ዓለሙ ልጅ ትርሲት» ተብዬ ነው። ሞባይል ነገሌ ከመግባቱ በፊት፣ አንድ ክረምት እናቴን ልጠይቅ ሄጄ ሳለ ጉዮ እኛ ቤት ድረስ መጣ። ጉዮ የክፍል ጓደኛዬ ነው፤ ያኔ ሆስፒታሉ ውስጥ የዓይን ነርስ ነበር።

«አካም፣ ትርሲት? ናጋ?»

«ናጋ። ምነው ፊትህ ጠቆረ?»

«አንድ ልጅ መጥቶብኛል። ዓይኑን በመሣሪያ ሳየው ደህና ነው። ልጁ ግን አያይም። ያስመሰለ መስሎኝ ጣቴን ወደ ዓይኑ ሰድጄ ሞከርኩት። አያስመስልም።»

ልጁ ጀማል ይባላል። ስኳርና ፓስታ ጭኖ ወደ ቆላ የሚወርድ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ገና ሃያዎቹን እንደጀመረ በአንድ ወር ውስጥ መጀመሪያ ግራ ዓይኑ፣ ቀጥሎ ቀኙ ደከመ። ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ምን እንደሚታየው ጠየቅሁት።

«ፊትዎ የለም። ጭስ ነው። ጆሮዎ ግን አለ። ጉትቻዎም አለ፤ ቢጫ ነው» አለ።

መሃሉ ጠፍቶ ዳር ዳሩ ቀርቶለታል ማለት ነው። ከተማው ምክንያቱን አስቀድሞ አግኝቶለት ነበር። አንዱ ጫት ነው ይላል፣ አንዱ ጅኒ ነው ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ጅረት ዳር የምትታጠብ የሰው ሚስት አይቶ ነው ይላል። ጀማል በዚህኛው ይናደድ ነበር። «እሱ እንኳን እውነት በሆነና ባልቆጨኝ!» ይላል።

እናቱን ከተማው አዴ ሐዋ፣ እማማ ሐዋ እንደማለት፣ ይላቸዋል፤ ገበያው አጠገብ ጨርቅ ቤት አላቸው። ባላቸው ከሞተ በኋላ ሱቁንም ልጆቹንም ያቆሙት እሳቸው ናቸው። በአማርኛ ጀምረው በኦሮምኛ ይጨርሳሉ፤ ሲቆጡ ደግሞ በሁለቱም ነው። ቤታቸው ሄጄ ሻይ እየጠጣሁ በዘመድ ውስጥ እንዲህ የሆነ ሰው አለ ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ወንድሜ ነበር፤ በሃያ ዓመቱ። አሬሮ ያለችው እህቴም አንድ ልጅ አላት፣ እሱም እንዲሁ። ምነው ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ለምን ሻይሽን አስቀመጥሽ?»

ሻዬን ያስቀመጥኩት እስክሪብቶ ለመፈለግ ነው። የእናት ወንድም፣ የእህት ልጅ፣ የራስ ልጅ፣ ሁሉም በእናት ወገን። በመጽሐፍ ብቻ የማውቀው የሚቶኮንድሪያ በሽታ በትውልድ ከተማዬ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ብስኩት ይበላል። ደስ አለኝ፤ እውነቱን ልናገር፣ ልቤ ዘለለ። ሳይንቲስት ሰው ቤት እሳት ሲነሳ የእሳቱን ቀለም የሚያይ ፍጥረት ነው።

የአዴ ሐዋን፣ የጀማልን፣ የታናሽ ወንድሙን የኢድሪስን፣ የእህታቸውን የሰዓዳንና የአሬሮዎቹን ደም ወሰድኩ። ለምን እንደሆነ ነግሬያቸው፣ ፈቅደውልኝ ነው። ቱቦዎቹን በበረዶ ሣጥን አድርጌ በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ ተነሳሁ። ሻኪሶ ስንደርስ ወርቅ የሚፈትሽ ጠባቂ ሣጥኑን አየ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ደም።»

«የማን ደም?»

«የሰባት ሰው።»

ጠባቂው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። «ምን አድርገሻቸው ነው?»

«ምንም። ሁሉም በሕይወት አሉ።»

አስከፈተኝ፣ አየ፣ ቶሎ ዝጊ አለኝ። ወደ አውቶቡሱ ስመለስ አጠገቤ የነበረችው ሴት ወንበር ቀይራለች። ከዚያ ወዲያ እስከ አዋሳ ሁለት ወንበር ለብቻዬ ይዤ፣ እግሬን ዘርግቼ ሄድኩ። ሌሎቹ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበው ነበር።

ምርመራው ወራት ፈጀ። የሚያስፈልገው ኬሚካል ጉምሩክ ገብቶ ቀረ፤ ፈንጂ ይሁን መድኃኒት የሚወስን ሰው ጠፍቶ። በመጨረሻ ውጤቱ ወጣ። በአዴ ሐዋ ወገን ያሉት ሁሉ፣ ወንዱም ሴቱም፣ በሚቶኮንድሪያቸው መልእክት ላይ ያው አንድ ዓይነት ስህተት አለባቸው። ወደ ዓይን የሚሄደውን ነርቭ ጉልበት የሚያሳጣው እሱ ነው።

ፕሮፌሰር ታምራት እጄን ጨበጡ። በዚያ ሁሉ ዓመት የመጀመሪያው ነበር። «ጽሑፉን ጀምሪ። የቤተሰቡ ፎቶ አለ?»

«መጀመሪያ ለእነሱ ልንገራቸው።»

«ምን ብለሽ? መድኃኒት የለው።»

«መድኃኒት የለውም ብዬ።»

«ለዚህማ ሁለት ቀን አውቶቡስ መሣፈር ምን ያደርጋል? ይልቅ ሠንጠረዡን ጨርሺ።»

ሠንጠረዡን ሳልጨርስ ተሣፈርኩ።

ነገሌ ስደርስ ነገሩ ተካሮ ጠበቀኝ። ሰዓዳ ለያሲን ታጭታለች። ያሲን ሻኪሶ ወርቅ የሚገዛ ነጋዴ ነው። የያሲን አባት የጀማልን ነገር ሰምተው «ይህ በሽታ የዘር ከሆነ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ይነገረን» ብለዋል። የአዴ ሐዋ ሟች ባል ታላቅ ወንድም ሐጂ ኑሩም ይህንኑ ይጠብቃሉ። የእሳቸው ወገን ነጻ ከወጣ ጥፋቱ በአዴ ሐዋ ላይ ሊያርፍ ነው። ከተማው በሙሉ የሚቶኮንድሪያ ውጤት ሲጠባበቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሐጂ መንገድ ላይ አግኝተውኝ «ዶክተር፣ ውጤቱን ይዘሽ ወደ እኔ ነይ» አሉ። እሺ ብዬ በማግስቱ ጠዋት ወደ ጨርቅ ቤቱ ሄድኩ። ደሙ የአዴ ሐዋ እንጂ የሐጂ አይደለም።

አዴ ሐዋ ሻሽ እያጠፉ ነበር። ነገርኳቸው።

«ስለዚህ ከእኔ ነው» አሉ።

«ከእናትዎ ወደ እርስዎ፣ ከእርስዎ ወደ ልጆችዎ። ማንም ፈልጎ አላደረገውም።»

«ሰዓዳስ?»

«አለባት። የእሷ ዓይን ምናልባት ምንም አይሆንም፤ ሴቶችን እምብዛም አይነካም። ወንድ ልጅ ከወለደች ግን ሊነካው ይችላል። ላይነካውም ይችላል።»

«ይችላል፣ ላይችል ይችላል! ይህን ለማለት ነው ደሜን የወሰድሽው?»

ያጠፉትን ሻሽ ዘረጉ፣ እንደገና አጠፉት፣ እንደገና ዘረጉት። ደንበኛ ገባች፤ ዛሬ አልሸጥም ብለው መለሷት። ከዚያ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጠርገው «ያ ነገር፣ ስሙ የማይያዘው፣ ምን ይሠራል ነው ያልሽኝ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ምግብን ወደ ጉልበት ይለውጣል።»

«ከእናት ብቻ ነው የሚመጣው?»

«ከእናት ብቻ።»

«ደህና። ለሐጂ የምነግራቸው እኔ ነኝ። አንቺ አጠገቤ ተቀመጪ፤ ስጠይቅሽ ብቻ ተናገሪ።»

ከአስር ሰላት በኋላ አዴ ሐዋ ሳሎን ውስጥ ተሰበሰብን። ሐጂ ኑሩ፣ ሁለት ሽማግሌዎችና የያሲን አባት ከፊት፣ እኔና ጉዮ በር አካባቢ። ጉዮ በጆሮዬ «መንገዱ ክፍት ነው፤ ከፈለግሽ መሮጥ እንችላለን» አለኝ።

አዴ ሐዋ ቁጭ እንዳሉ ጀመሩ። «በሽታው በእኔ በኩል ነው። ዶክተሯ አይታዋለች። ሐጂ፣ የእናንተ ወገን የለበትም።»

ሐጂ ጢማቸውን ዳበሱ። የያሲን አባት ለመነሳት ከዘራቸውን ያዙ።

«ይቀመጡ፣ አልጨረስኩም» አሉ አዴ ሐዋ። ወደ እኔ ዞሩ። «ኢንታላ ኮ፣ ልጆቼ የሚሄዱበት፣ ልባቸው የሚመታበት ጉልበት፣ እሱን የሚሠራው ነገር ከአባታቸው ነው ከእኔ?»

«ከእርስዎ ነው።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«ሰማችሁ? ጀማል ጎማ ብቻውን ሲያነሳ 'የአባቱ ልጅ' ስትሉ ነበር። ኢድሪስ ኳስ ሲመታ 'በአጎቱ ወጣ' ስትሉ ነበር። ጉልበቱ ከማን ነው ብሎ ምርመራ የጠየቀ አልነበረም። ዓይን ሲጠፋ ነው የደም ምርመራ የመጣው? ከሰጠሁት አንዱ ተበላሸ፤ ሌላውን ግን እየኖራችሁበት ነው!»

ከዚያ ሐጂ ኑሩ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«ዶክተር፣ የእኔም ከእናቴ ነው?»

«አዎ ሐጂ፣ የእርስዎም።»

«አላህ ይማራት፣ ይህን ሳታውቅ መሞቷ ጥሩ ነው። ብታውቅ ኖሮ አላስቀምጥ ትለኝ ነበር።»

መጀመሪያ የሳቀው ጉዮ ነው፤ ከዚያ ሽማግሌዎቹ ሳቁ፣ ከዚያ ራሳቸው ሐጂ። አዴ ሐዋ አልሳቁም። የያሲን አባትም አልሳቁም። «እናስብበታለን» ብለው ወጡ። «እናስብበታለን» ማለት በእኛ አገር እምቢ ማለት ነው።

ያሲን ራሱ በማግስቱ ሆስፒታሉ በር ላይ ጠበቀኝ። ቀጭን፣ ቁመተ ረጅም፣ እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው የማያውቅ ልጅ ነው።

«ዶክተር፣ ወንድ ልጅ ወልደን ዓይኑ ቢጠፋ ይሞታል?»

«አይሞትም። መሃሉን አያይም። ይኖራል።»

«የእኔ ደም ቢመረመርስ ምን ይገኝበታል?»

«አላውቅም። አጥብቀው ከፈለጉ ማንም ሰው ላይ የሆነ ነገር አይጠፋም።»

«ታዲያ እኔ ሳልመረመር እሷን በምን አፌ እንቢ እላለሁ?»

«ይህን ለአባትህ ንገራቸው።»

«ለአባቴ ይሄ አይሠራም» አለ። «ለአባቴ የምላቸው፣ ካልዳራችሁኝ ደቡብ አፍሪካ እሄዳለሁ ነው።»

ተዳሩ። ሰርጉ ላይ የያሲን አባት አጠገብ አስቀመጡኝ። ሥጋው እስኪያልቅ አንድ ቃል አልተነፈሱም። በመጨረሻ «ይህን ትምህርት ለስንት ሰው አስተምረሻል?» አሉኝ። «ለብዙ ተማሪ» አልኳቸው። «ያሳዝናል» አሉ።

ልመክራቸው የምችለው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ትምባሆና አረቄ ይህን በሽታ እንደሚቀሰቅሱት ይታመናል። ስለዚህ ኢድሪስን፣ ዓይኑ ገና ደህና ስለነበር፣ ሲጋራ እንዲተው ለመንኩት። በዚያን ጊዜ ሲጋራ ከጆሮው ላይ አይጠፋም። ተወ። ጓደኞቹ «ሼክ ኢድሪስ» እያሉ ሲቀልዱበት እንኳን አልተመለሰም። በሄድኩ ቁጥር አፉን ከፍቶ «ያሽትቱኝ ዶክተር» ይለኝ ነበር። እኔም እውነትም አሸት ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ የላቦራቶሪው በር ተንኳኳ። ጀማል ኢድሪስን ክንዱን ይዞ ገባ። ነገሩ መጽሐፉ ከሚለው ውጭ ሆኖ ነበር። ራሱም አጫሽ የነበረውና ሲጋራውን ያልተወው ጀማል ዓይኑ ከፊሉ ተመልሶለታል፤ አንዳንድ ሰው ላይ እንዲህ ይሆናል። የተወው ኢድሪስ ግን ሁለቱም ጠፍቶበታል። በደቂቃ አራት ሺህ ዙር የሚሽከረከር ማሽን አጠገብ ወንበር ሰጠሁት። ፊቱን ወደ ድምፄ አዞረ።

«ዶክተር» አለ፣ «ሲጋራዬን ይመልሱልኝ።»

ጀማል ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሴንትሪፉጁን ለማጥፋት ያህል ተነሳሁና ጀርባዬን ሰጠኋቸው።

«እሱ አጨሰ፣ ተመለሰለት። እኔ ተውኩ፣ ጠፋብኝ። ለምን?»

«አላውቅም» አልኩ።

«ዶክተር አይደሉም?»

«ነኝ። ዶክተሩም አያውቅም። ሌላ አገር ያሉትም አያውቁም። ሲጋራ መተው ዕድልህን ያሻሽላል ብዬህ ነበር እንጂ ያድንሃል አላልኩህም። ቢሆንም ያው ነው፤ አዝናለሁ።»

«እሺ» አለ ኢድሪስ። «መድኃኒት አዋቂውም ሐኪሙም ሁሉን ያውቁ ነበር። አላውቅም ያሉኝ እርስዎ ብቻ ነዎት። አሁን ምሳ ይጋብዙን።»

ጋበዝኳቸው። ኢድሪስ ሁለት ክትፎ በላ፤ በብስጭት ነው ብሎ።

ጽሑፉ ያለ ቤተሰቡ ስምና ያለ ፎቶ ወጣ። ፕሮፌሰር ታምራት ስማቸውን አስቀደሙ፤ ሠንጠረዡን በጊዜው ስላልጨረስኩ ይመስለኛል። እሳቸው ጡረታ ሲወጡ ላቦራቶሪውን እኔ ተረከብኩ። ሴንትሪፉጁን በአዲስ ለውጠን የድሮውን ለብረታ ብረት ስንሰጥ ሊሰናበቱት መጡ።

ኢድሪስ አሁን የእናቱን ጨርቅ ቤት ይዟል። ሐርና ናይለን በጣቱ ይለያል፤ ዋጋ ሲቀንስ ግን ጣቱ ይደነዝዛል ይላሉ ደንበኞቹ። ዕቃ ሰርቆ በጎን ሊወጣ የሚሞክርን ሰው ይይዘዋል። «ከፊት ለፊቴ ስረቁኝ እንጂ በጎን አትሞክሩ፤ በጎን አያለሁ» ይላቸዋል። አዴ ሐዋ አርጅተዋል፤ ሱቁ በር ላይ ተቀምጠው ዋጋ ያርሙበታል። ሰዓዳና ያሲን ሁለት ሴትና አንድ ወንድ ወለዱ። ወንዱ አሁን አጎቶቹ በታመሙበት ዕድሜ ላይ ነው። ያያል። ነገ ምን እንደሚሆን ሲጠይቁኝ ለአጎቱ ለኢድሪስ ያልኩትን እላቸዋለሁ፤ አላውቅም።

እኔ ዘንድሮ ጡረታ ወጥቻለሁ። ወጣት ባልደረቦቼ ከዚህ ሁሉ ምን ተማርሽ ይሉኛል። የተማርኩት ይህን ነው፦ ውጤት ይዛችሁ ወደ ሰው ስትሄዱ የምታውቁትንና የማታውቁትን ለይታችሁ ንገሩ። የማታውቁትን ስትነግሩ ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ በስልክ አይሆንም።